ከድርን የወሰዱት ሃምሳ አለቃ ጉተማ አይደሉም

ሃምሳ አለቃ ጉተማ ማረፋቸውን ሰፈራችን ያወቀው አዳራሹ ሳይጠረግ ባረፈደበት ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ፀሐይ ሳትጠነክር የመጥረጊያቸው ድምፅ ይሰማ ነበር። ያን ቀን አልተሰማም። ጎረቤታቸው መካኒኩ ሰለሞን በራቸውን ቢያንኳኳ መልስ አጣ። ገፍቶ ሲገባ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው እንደተኙ፣ እጆቻቸውን በጎናቸው ዘርግተው አገኛቸው። ጫማቸው ተቀብቶ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ አቦ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ሊቀብራቸው የወጣው ሰው በአንድ ሚኒባስ የሚጫን ነበር፤ ያውም ሳይጨናነቅ። ይህ ሰፈር ለቅሶ በገባው ቁጥር አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ያመጡለት እሳቸው ናቸው። ሠርግ በደገሰ ቁጥር አዳራሹን ያጠቡለት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ግን አንድ ሚኒባስ ሰው ወጣላቸው። ይህ ልክ አይደለም። ሰው የራቃቸው በእኔ አፍ ምክንያት ስለሆነ፣ ልኩን መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ።

ስሜ መኪያ ነው። ከአዳራሹ ማዶ ሽንኩርት፣ ዘይትና ሳሙና የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ወረፋ ጥሶ ለሚገባ ሰው ባለሥልጣን ቢሆንም አልሸጥም። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም የተማርኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። የልጅ ልጄ ሃናን ይህን ጽሑፍ ከእጅ ጽሕፈቴ ወደ ስልኳ ስትገለብጥ «አያቴ፣ ይሄን ቦታ ብንዘለውስ?» አለችኝ። የቱ ቦታ እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ። አልዘለልነውም።

አዳራሹ ዛሬ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ሊፈርስ ነው ይላሉ። ልጆቹ የሚያውቁት የቴኳንዶ መማሪያ ሆኖ ነው። ከእነሱ ከፍ ያሉት የሠርግ አዳራሽ ሆኖ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ የእህል መጋዘን ሆኖ ያውቁታል። እኛ ያረጀነው የምንጠራው «የሰልፍ ቤት» ብለን ነው። መሬቱ መጀመሪያ የሃምሳ አለቃ ጉተማ አባት ገብስ የሚዘሩበት ማሳ ነበር። ላፍቶ ገና ገጠር በነበረበት በንጉሡ ዘመን፣ በሥራ ቀን አርሰውና ነግደው በዕረፍት ቀን ለሚሰለፉ የብሔራዊ ጦር ሰዎች መለማመጃ ይሠራ ተባለና መሬቱ ተወሰደ። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የጽድ ሳንቃ ሆኖ ተሠራ። አባትየው አዝነው አዝነው ልጃቸውን ጠሩና «ሂድና እዚያ ተሰለፍ። ማሳችንን ባዕድ ብቻ ከሚረግጠው አንተም ርገጠው» አሏቸው። ወታደርነት የጀመሩት እንዲህ ነው። በደጉ ጊዜ ሱቄ እየመጡ ይህን ሲያጫውቱን «ሌላው ለባንዲራ ተሰለፈ፣ እኔ ለገብስ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ወታደር ሆነው ብዙ አገር ዞሩ። ጉልበታቸው ተመትቶ ተመለሱና የአዳራሹ አሰልጣኝ ሆኑ። እኔ ሱቁን ስከፍት ዘመኑ ተለውጦ ነበር፤ አዳራሹም በቀበሌው እጅ ገብቷል። የቀበሌ ጥበቃዎች ከሰዓት በኋላ እየመጡ ይሰለፋሉ። ሳንቃው ላይ እግር ሲያርፍ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት የዘይት ጠርሙሶች ይንጫጩ ነበር።

ሃምሳ አለቃ እንደ ሌሎቹ አሰልጣኞች አይጮኹም። ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛ፣ እግርህ ተኝቷል» ይላሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። አንድም ቀን ሰው ስተው አያውቁም። «ሰልፍ ማለት የጎንህን ሰው እግር መስማት ነው» ይሉ ነበር። ሚስታቸው ያለ ልጅ በወጣትነት ሞታባቸዋለች፤ ሌላ አላገቡም። የወንድማቸው ልጅ ቶላ ግን አብሯቸው ያድር ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሻማ ሊገዛ ሲመጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር።

እኔም የማሳድገው ልጅ ነበረኝ። ከድር ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ከስልጤ አገር አምጥቼው በሱቁ ጓሮ አሳደግኩት። ጦርነቱ በከበደበት ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀበሌው ወጣት ወንድ ሁሉ ለሰልፍ ልምምድ ይውጣ አለ። ሃምሳ አለቃ ያሰለጥናሉ፣ ይፈትናሉ፤ ያለፈና የወደቀ እየተባለ ይጻፋል። ለምን እንደሆነ በግልጽ የተናገረ የለም። ወሬው ግን «ያለፈ እዚሁ ቀርቶ ሰፈር ይጠብቃል፤ የወደቀ ሩቅ ካምፕ ሄዶ እንደገና ይማራል» የሚል ነበር። ማን እንዳስወራው አላውቅም። ልጅ እንዳይሄድብን የምንፈልግ ሰዎች ነበርንና ሁላችንም አመንነው።

ከድር የመጀመሪያውን ቀን ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ወደቅኩ» አለኝ።

«በምን?»

«ግራና ቀኙን አይለይም አሉ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ይህ ልጅ ሚዛን ላይ ግራም የማይስት፣ ብስክሌት እጁን ለቅቆ የሚነዳ ልጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንትም ወደቀ። በሦስተኛውም ወደቀ። ቶላ ግን በመጀመሪያው ቀን አለፈ። እኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። የራሱን ዘመድ አሳልፎ የሰው ልጅ ይጥላል አልኩ። ይህን ያልኩት ደግሞ በሹክሹክታ አይደለም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሃምሳ አለቃ ሳሙና ሊገዙ መጡ። ከኋላቸው አንድ የቀበሌ ኮሚቴ ሰው ክብሪት ሊገዛ ቆሟል። ሳሙናውን እያገላበጡ ዝቅ ባለ ድምፅ «መኪያ፣ ልጁ ገና ነው። እግሩ አልጸናም። ቤት ይቀመጥ» አሉኝ።

«ቤት ይቀመጥና ካምፕ ይላክልኝ?» አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የእርስዎ ቶላ እግሩ የጸናው በምን ይሆን? የእኛ ልጆች ጎመን በልተው ነው ያደጉት?»

አፋቸውን ከፈቱ። ከኋላቸው ያለውን ሰው አዩና መልሰው ዘጉት። ሳሙናውን መደርደሪያው ላይ ትተው ወጡ። እኔ ያፈሩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድርን ራሴ አሰለጠንኩት። ግራ እጁ እንዳይጠፋው የውሃ ጀሪካን በግራው አስይዤ ጓሮ ውስጥ አስኬደው ጀመር። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ወደ ኋላ ዙር። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ትስቅብኛለች።

«መኪያ፣ ማዕረግሽን የምትቀበይው መቼ ነው?»

«ሃምሳ አለቃውን ከሥራ ያስወጣሁ ዕለት ነዋ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ድሮም አውቀዋለሁ» ይላል ከድር፣ ጀሪካኑን እንደያዘ።

«ታውቀዋለህ። እንዲያዩልህ ነው የምፈልገው።»

ሃናን ብንዘለውስ ያለችኝ ቦታ ይህ ነው።

እሑድ ቀን ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስም ሲጠራ፣ እናቶች በየመስኮቱ ቆመው ያያሉ። እኔ በመስኮት አልቆምኩም። ከድርን በእጁ ይዤ በበሩ ገባሁ። ጠረጴዛው ፊት ደረስኩና «ፍርድ አይጓደል» አልኩ። «ወንድሜ ሦስት ጊዜ ወድቋል ተብሏል። ግራና ቀኙን ከሁላችሁም በላይ ያውቃል። እዚሁ በፊታችሁ ይሰለፍና እዩት።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረ። «ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ምን ይላሉ?»

«ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጊዜ አናባክን» አሉ።

«ፈርተው ነው» አልኩ። «ካሳዩት ውሸታቸው ይወጣል።»

ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀና «እህቱ እንዲህ ከተሟገተችለት ይታይላት» አለ።

ሃምሳ አለቃ እንደ ልማዳቸው ግድግዳ አልተደገፉም። መሐል ወለሉ ላይ፣ ከከድር ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። ትእዛዝ መስጠት ጀመሩ። ወደፊት፣ ቁም፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ግራ ዙር። ከድር አልሳተም። አፈጠኑት። ወደ ግራ ብለው ሳይጨርሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሳይጨርሱ ወደ ኋላ አሉት። ለሌላ ልጅ እንዲህ ሲያደርጉ አይተን አናውቅም። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ሊያሳስቱት ፈልገው እንደነበር ሁላችንም አየን። እኔ ክፋት መሰለኝ። ከድር ግን አንዲት እርምጃ እንኳ ሳይስት ጨርሶ ተጠንቅቆ ቆመ። ከመስኮት ያሉት ሴቶች እልል አሉ። መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሳ። «ጓድ ሃምሳ አለቃ?»

ሃምሳ አለቃ ወለሉን እያዩ «አለፈ» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። የተጠሩት ያለፉት ናቸው። ሰፈር ጥበቃ የሚባል ነገር የለም ነበር። ከድር ወደ መኪናው ሲወጣ ዞሮ ሳቀልኝ። «እትዬ፣ አየሽ አይደል? አንዴም አላሳሳቱኝም» አለኝ። ቶላም እዚያው መኪና ላይ ነበር፤ ረጅም ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይታያል። ሃምሳ አለቃ በአዳራሹ በር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። የወደቁት ለሚቀጥለው ዙር ይጠራሉ ተባለ። የሚቀጥለው ዙር ሳይደርስ ያ መንግሥት ወደቀ።

ከከድር አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ቶላም አልተመለሰም።

ጦርነቱ አልቆ የሚመለስ ሲመለስ፣ የእኔን ታሪክ ለመጣው ሁሉ አወራሁ። «ወንድሜን ከጉያዬ የነጠቀኝ ያ ሃምሳ አለቃ ነው። አሰለፈው፣ አሳለፈው፣ ላከው» አልኩ። ለገዢ አወራሁ፣ በለቅሶ ቤት አወራሁ፣ በወረፋ ላይ አወራሁ። እጁን ይዤ መግባቴን ግን አላወራሁም። «ፍርድ አይጓደል» ማለቴን አላወራሁም። እልልታውን አላወራሁም። በዚያን ቀን በመስኮት የነበሩት ሴቶች ሰምተው ዝም ይሉ ነበር፤ አዝነውልኝ ይመስለኛል። ከእነሱ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ሌሎቹም ከሰፈር ወጥተዋል። የቀረው የእኔ ወሬ ብቻ ሆነ።

ወሬዬ ሥራውን ሠራ። ሰዎች ሰላምታ ነፈጓቸው። ሴቶች ሲያይዋቸው ልጃቸውን ወደ ሌላው ጎን ይወስዳሉ። በራሳቸው አዳራሽ ሠርግ ሲበላ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ሳህን ይወጣላቸዋል፤ ከሰው ጋር አይቀመጡም። አዲሱ መንግሥት ሲመጣ ማዕረጉም ቀረ፣ ደመወዙም ቀረ። እሳቸው ግን ከአዳራሹ ጎን ካለችው አንድ ክፍል አልወጡም። እህል ሲከማችበት አይጥ አባረሩ። ሠርግ ሲደገስበት የፈሰሰውን አጠቡ። ማንም በማይገባበት ጊዜም በየማለዳው ጠረጉት። «ምን ያደርግልዎታል?» ሲሏቸው «የተረገጠ ቦታ ሲዝረከረክ አልወድም» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ንፋስ የሱቄን ጣሪያ ገለበጠው። ወዲያው ሁለት የቀን ሠራተኞች ቆርቆሮና ሚስማር ይዘው መጡ።

«ማን ላከው?» አልኳቸው።

«ሃምሳ አለቃ።»

«መልሱት» አልኩ።

«እሺ፣ እንመልሳለን። ዘይቱ ግን እየረጠበ ነው፣ እማማ» አለ አንዱ።

ዝናቡ ጀመረ። አልመለስኩትም። አላመሰገንኩምም።

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ተተክሎ ሰው እየመጣ ነው፣ መቀመጫ ግን አልነበረም። ቀና ስል ሃምሳ አለቃ በዚያ በሚያነክስ ጉልበታቸው አግዳሚ ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲሻገሩ አየሁ። ስምንት ጊዜ ተመላለሱ። አንድ ወጣት «እስኪ ያሳርፉ፣ እኛ እናመጣለን» ቢላቸው «ለቅሶ ላይ ሰው ቆሞ አይዋል» ብለው አለፉ። እሳቸው ራሳቸው ሳይቀመጡ ሄዱ። ይቀመጡ ያላቸው አልነበረም። ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ባለፈው በጋ አንድ ወጣት መምህር አዳራሹ ሳይፈርስ ታሪኩ ይጻፍ ብሎ ተነሳ። ደብተር ይዞ ከቤት ቤት ዞረ። እኔ ጋ ሲመጣ ወንበር ሰጥቼ ሙሉ ጠዋት አወራሁት፤ የማወራውን ታውቃላችሁ። ጻፈው። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ሰው ተጠርቶ አዳራሹ ውስጥ ተነበበ። ስለ ገብሱ ማሳ ተነበበ፣ ስለ መሠረተ ትምህርቱ ተነበበ። ቀጥሎ «የሰፈሩን ልጆች መርጠው ለጦርነት ያሳለፉት አሰልጣኙ ሃምሳ አለቃ ጉተማ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ የወይዘሮ መኪያ ታናሽ ወንድም ከድር ነው» የሚለው ተነበበ።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሃምሳ አለቃ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የነበረው መካኒኩ ሰለሞን ሊናገር ብድግ አለ። ኮቱን ይዘው ወደ ታች ሲጎትቱት አየሁ። ተቀመጠ።

መምህሩ ጨዋ ልጅ ነው። «አባባ፣ የሚታረም ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አዎ» አሉ። «ወለሉን ባሕር ዛፍ ብለኸዋል። ጽድ ነው። ሌላው ይሁን።»

ሰው ሳቀ። ስብሰባው ሲያልቅ ወንበሮቹን ሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ነው የቆዩት።

በሣልስታቸው ክፍላቸው ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጠናል። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ሰው ማነሱን ሰምቼ ይሆናል፤ ለጠላቴም ቢሆን እንዲህ ያለ ለቅሶ አልወድም። ሰለሞን ውሃ እያቀረበ ነበር። የኮቱ ነገር ትዝ አለኝና ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ልትናገር ተነስተህ ነበር። ምን ልትል ነበር?»

«ይቅር፣ እትዬ መኪያ። እሳቸው አይወዱትም።»

«እሳቸው ሞተዋል። የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «እኔ ያኔ ለምን እንደወደቅኩ ያውቃሉ?»

«ግራና ቀኝህን ስለማትለይ ነዋ።»

«በአባቴ ጋራዥ መኪና በኋላ ማርሽ የማስገባ ልጅ ነበርኩ። ግራና ቀኝ ይጠፋኛል?» አለ። «እስኪ ያስቡት፤ የወደቀው ማን ነው? እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የዳቦ ቤቱ ልጅ ለእናቱ አንድ ነው። የተቀሩትም እንዲሁ። ዕድሜው ያልደረሰውንና ለእናቱ አንድ የሆነውን ሁሉ ግራና ቀኙን አይለይም ብለው ይጽፉት ነበር። ገና ልጅ ነው ቢሉ ኮሚቴው አይሰማቸውም። ሰልፍ የማይገባውን ግን አይወስዱትም። ያለፈ እንደሚሄድ ከኮሚቴው ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቢናገሩ ደግሞ ይረሸኑ ነበር።»

«ቶላስ?» አልኩ።

«ቶላ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሁለት ወንድሞች አሉት። እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹የሰው ልጅ አሳልፌ የራሴን ብጥል ምን ብዬ ሰልፍ ፊት እቆማለሁ?› አሉኝ።»

እኔ ፍርድ፣ ፍርድ እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ፍርድ የሚያውቀው ሰው ማዶ ነበር የሚኖረው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት። «ዘመኑ ካለፈ በኋላ፣ ማንም የማይረሽናቸው ጊዜ ከመጣ በኋላ።»

ሰለሞን አላየኝም። «ኮቴን የጎተቱኝ ቀን ይህንኑ ጠየቅኳቸው» አለ። «‹ከድርን የወሰድኩት እኔ ከሆንኩ፣ መኪያ እኔን እየጠላች ትኖራለች። ራሷ መሆኗን ያወቀች ቀን ምን ትሆናለች?› አሉኝ።»

ከዚያ ወጥቼ አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። በሩ ክፍት ነበር። አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልነበረም። ከድር የቆመበትን ቦታ ፈለግኩት፤ ሳንቃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ አላገኘሁትም። ከሱቄ እስከ እሳቸው ክፍል ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ይህን ያህል ዓመት አልተሻገርኩትም። ስሻገረው የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ መምህሩ ጋ ሄድኩ። «የነገርኩህ ውሸት ነው፤ አርመው» አልኩት። ደነገጠ። «እትዬ፣ ጽሑፉ ተባዝቶ ለሰው ተሰጥቷል እኮ» አለኝ። እንግዲያው እኔም ጽፌ አባዝቼ እሰጣለሁ አልኩት። ይኸው ነው። ያኛውን የያዛችሁ ይህንንም አብራችሁ ያዙ። ለልጆቻችሁ የነገራችኋቸውም እንደገና ንገሯቸው።

ሃምሳ አለቃ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። ቁጡ መሆኔን ያውቃሉ፤ ስሰናበትዎትም ቁጣው አለቀቀኝም። ላበላሸሁት ስምዎ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ በአደባባይ ያጠፋሁት ስለሆነ በአደባባይ። ነገር ግን እርስዎም በአንድ ነገር ፈርደውብኛል። አትችለውም ብለው ሳይጠይቁኝ ወሰኑ። ቢነግሩኝ እሰበር ነበር፤ እውነት ነው። ከተሰበርኩ በኋላ ግን መንገዱን ተሻግሬ አጠገብዎ እቀመጥ ነበር። ከአንድ መኪና ላይ ሁለት ልጅ ያጣን ሁለት ሰዎች ነበርን። እርስዎ የቶላን፣ እኔ የከድርን እያወራን እናረጅ ነበር። ፊት ለፊት ሆነን ለየብቻችን አረጀን። ስለ ቶላ አንድም ቀን አልጠየቅኩዎትም። ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቀው አላውቅም። አሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ስታውቅ ምን ትሆናለች ብለው ነበር። ካወቅኩት ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ከብዶኛል። እንቅልፍም ቀንሶብኛል። ሱቄን ግን በየቀኑ ከፍቻለሁ፤ ከድርን ማን ወሰደው ብሎ ለሚጠይቀኝም ሁሉ እኔ ነኝ ብዬ መልሻለሁ። ይህን ያህል ዘመን ስለተሸከሙልኝ አላህ ይክፈልዎ። ከእንግዲህ የእኔን ለእኔ ይተዉልኝና በሰላም ይሂዱ።